ጥሩንባ ለሽርሽር

ጋሽ ቸኮል ክፉ ቃል የማይወጣቸው፣ ለቅሶ የማይቀሩ፣ የሰው ምስጢር የማይዘሩ ሰው ነበሩ። አንድ ጉድ ግን ነበረባቸው። ሠላሳ ዓመት በጉርብትና አብረዋቸው የኖሩትን ሰዎች ሲያለቅሱ እንጂ ሲስቁ አያውቋቸውም።

ነገሩ የመጣው ከሥራቸው ነው። የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛ ስለነበሩ ጉልበታቸውን የጨረሱት በየክፍለ ሀገሩ ምሰሶ ሲተክሉ፣ ምሰሶ ሲወጡና ሽቦ ሲወጥሩ ነው። ሚስትና ልጅ ለቡ፣ እሳቸው አንዴ ወለጋ፣ አንዴ ባሌ። ሥራ ላይ ያለ ሰው «ጎረቤቴ ልጁን ሊድር ነውና ልሂድ» ብሎ ፈቃድ መጠየቅ ያፍራል። «ጎረቤቴ ሞተ» ካለ ግን የትኛው አለቃ ይጨክንበታል? እናም ጋሽ ቸኮል ሰፈራቸው የሚመጡት ለቀብር ሆነ። ሰርጉን በወሬ፣ ክርስትናውን በወሬ፣ ሞቱን ግን በአካል። ለቅሶ አለመቅረታቸው ታይቶ የእድሩ ዳኛ ተደረጉ። ዳኛ ሲሆኑ ደግሞ ፊታቸው ይብሱን ተኮሳተረ፤ ሰውም እሳቸው ባሉበት መሳቅ ነውር መሰለው።

ጡረታ ወጥተው፣ ለቡ መብራት ኃይል ከሚባለው ሰፈር እግራቸውን ሰብስበው በተቀመጡ በዓመቱ ሚስታቸው ወይዘሮ ተናኘ አረፉ። በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ዙሪያቸውን ቃኙ። እትዬ ገበያነሽ ሙሾ ሲያወርዱ ድምፃቸው የት ላይ እንደሚሰበር ያውቃሉ። ማን በጋቢው ጫፍ እንባውን እንደሚጠርግ፣ ማን ሳያለቅስ ዓይኑን እንደሚያሽ ያውቃሉ። አጠገባቸው የተቀመጡት ኦቦ ኦልጅራ ደግሞ ወንድም ማለት ናቸው፤ የስንቱን ሰው አፈር አብረው መልሰዋል። ግን ኦልጅራ ሲስቅ ምን ይመስላል? ቢያስቡ ቢያስቡ አልመጣላቸው አለ። ይህ በሀዘናቸው ላይ ሌላ ሀዘን ሆነባቸው። «እንዲህ እንደሆንኩ ልሞት ነው?» አሉ በልባቸው፤ ፈሩም።

ሐሳቡን ያመጣችው ልጃቸው ጸደንያ ናት። አስተማሪ ስለሆነች ተማሪዎቿን ሱባ ወደሚባለው የመንግሥት ደን ወስዳ ነበርና ማታ ራት ላይ አወራቻቸው፤ ስለ ጽዱ፣ ስለ ዝግባው፣ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ስለሚዘለው ጉሬዛ።

«አባዬ፣ ዛፉ ከመወፈሩ የተነሳ አራት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው አልከበቡትም።»

ጋሽ ቸኮል ጉርሻቸውን ይዘው ቆዩ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዛፍ ላይ ስወጣ ኖሬ» አሉ በመጨረሻ፣ «የወጣሁበት ሁሉ ግን የሞተ ነው። ቅጠል ያለው አንድም አልነበረም።»

በጳጉሜን ሳንባ ምች ጥሏቸው ሊሞቱ ደርሰው ተነሱ። ከዚያ በኋላ አልዘገዩም። በመስከረም መጨረሻ፣ በሰማንያ ስምንት፣ በእድሩ ስብሰባ ላይ ጉዳዩን አነሱት፦ በጥቅምት አንድ እሑድ እድርተኛው ሁሉ በአውቶቡስ ወጥቶ፣ የእድሩን ድንኳንና ድስት ይዞ፣ ሱባ ደን ውሎ ይምጣ።

 አንዱ «እድር ለሞት ነው የተቋቋመው» አለ። ሌላው «ድንኳኑ ያለ ለቅሶ ከወጣ ሟርት ነው» አለ። ከዚያ ኦቦ ኦልጅራ ተነሱ። ኦቦ ኦልጅራ የፉሪ ሰው ናቸው። ከአባታቸው በወረሱት መሬት ላይ ጤፍና ሽምብራ እየዘሩ፣ ከተማው እየገፋ ወደ ማሳቸው ሲመጣ ደግሞ ለከተሜው ወተት እየሸጡ የኖሩ፤ እድሩን ከጋሽ ቸኮል ጋር ያቋቋሙም እሳቸው ናቸው።

«እኔ ደን ሥር ነው ያደግሁት» አሉ። «ደን የሚገባው እንጨት ለመልቀም ነው። ጥጃ ሲጠፋም ይገባል። ለመዝናናት? ያውም ቲኬት ተቆርጦ? በገዛ እግሬ ለመሄድ?»

ሰው በዚህ ቢስቅ ጋሽ ቸኮል ደስ ባላቸው። ግን የእድር ስብሰባ ላይ አይሳቅም፤ ጉሮሮ ይጠራረጋል እንጂ።

«ኦልጅራ፣ አንተ ካልመጣህ ማን ይመጣል?» አሉ።

«እኔ ለቀብርህ እመጣለሁ» አሉ ኦቦ ኦልጅራ። «ያን ቀን ማንም አይቀድመኝም። ለጨዋታ ግን አልመጣም።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ሰውየው ገና ከሳንባ ምች መነሳታቸው መሆኑን ኦቦ ኦልጅራ ያስታወሱት ከተናገሩ በኋላ ነው፤ ቢያስታውሱም ለመመለስ ኩራት ያዛቸው። ሁለቱ ሰዎች ሳይጨባበጡ ተለያዩ። ከመቶ አርባ ቤተሰብ ለሽርሽሩ የተመዘገበው አሥራ አንድ ነበር፤ ከዚያም ውስጥ ሦስቱ ጋሽ ቸኮልን እንዳይከፋቸው ብለው ነው። ጋሽ ቸኮል ግን ስድሳ ሰው የሚይዝ አውቶቡስ ተከራዩ። ጸደንያ «ትንሽ መኪና አይበቃም?» ብትል፣ «ምናልባት ይመጣሉ» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ልመና ነበረ።

ቅዳሜ ማታ የእድሩን ጥሩንባ ነፊ ማሞን ጠሩት። ማሞ ሥራውን የሚያከብር ጎልማሳ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመት ሲነፋ አንድም ቀብር በእሱ ጥፋት አልዘገየም።

«ሰው እንዳይረሳው ጠዋት ጥሩንባ ንፋልኝ» አሉት። «ከእኔ በር ላይ በሁለት ሰዓት አውቶቡስ እንደሚነሳ ንገራቸው።»

«እሺ ጋሼ።»

እዚህ ላይ ማሞን መውቀስ ይቀላል። ግን ሰው የሚያውቀውን ነው የሚሠራው። እሑድ ገና ጎህ ሲቀድ ወጥቶ እንደ ወጉ ሦስት ጊዜ ረዘም አድርጎ ነፋ። ከዚያ እንደ ወጉ ጮኸ። «የለቡ እድርተኞች! በጋሽ ቸኮል ቤት! በሁለት ሰዓት! ማንም እንዳይቀር!» ሽርሽር የምትለዋን ቃል በጥሩንባ ተናግሯት ስለማያውቅ አፉ አልደፈራትም። ለቡን እንዲህ ዞረ፣ በሐና ማርያም በኩል አለፈ፣ ፉሪ ድረስም ወረደ።

ጋሽ ቸኮል በዚያ ሰዓት አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ጸደንያ የገዛችላቸውን አዲስ ሸራ ጫማ እያሰሩ ነበር። አንዱን እግር እንደጨረሱ የዋይታ ድምፅ ከሩቅ መጣ። እየቀረበ ሄደ። 

«ሰው ሞቷል» አሉ። «አየሽ ዕድሌን? ሽርሽሩ ቀረ። ጥቁሩን ኮቴን አምጪልኝ፣ ማን እንደሆነም እይልኝ።»

ጸደንያ በመስኮት አየች። ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ ግራ የገባው ነበር።

«ማነው?»

«አባዬ… አንተ ነህ።»

ግቢው ሞልቷል። ጥቁር የለበሰ፣ ነጠላውን ያዘቀዘቀ፣ ደረቱን የሚደቃ። የተመዘገቡት አሥራ አንዱ ብቻ አይደሉም፤ ያልተመዘገቡትም፣ «ሟርት ነው» ያሉትም፣ ከጋሽ ቸኮል ጋር በአጥር ጉዳይ ሦስት ዓመት ያልተነጋገሩትም። እትዬ ገበያነሽ ከመሀል ቆመው አወረዱት፦

«መብራቱን ዘርግቶ በየሰዉ ቤት ደጅ፣
ጨለመ ዛሬማ የተናኘ ወዳጅ።»

ሰው ካልሄደ ወይ ካልሞተ አይመሰገንም ይባላል። ጋሽ ቸኮል ከበሩ ኋላ ቆመው ያን ምስጋና ሰሙት። ወዲያው መውጣት ነበረባቸው፤ እውነቱን ለመናገር ግን አልወጡም። አንዱ «ደግ ነበሩ» ሲል፣ ሌላዋ «ሰው አክባሪ» ስትል፣ በአጥር የተጣላቸው ሰው «የእኔ ነበር ጥፋቱ» ሲል ትንሽ ቆዩ። ጸደንያ ክንዳቸውን ስትጎትት እንኳ «ቆይ፣ ቆይ» አሏት። እንግዲህ ማን ይፈርድባቸዋል?

የኦቦ ኦልጅራ ድምፅ ሲመጣ ግን ሌላ ሆነ። ከፉሪ ድረስ በባዶ እግራቸው ነበር የመጡት።

«ቸኮል! ወንድሜ! አፌን በቆረጠው! ለቀብርህ እመጣለሁ ያልኩህ ይኸው መጣሁ! ሚስቴ ምጥ ይዟት በመሥሪያ ቤትህ መኪና ወስደህ ያተረፍክልኝ፣ አንድ ቀን አመሰግንሃለሁ ሳልል! ቸኮል! ምን አለበት ደን አብረን ብንሄድ? ምን ይጎድልብኝ ነበር?»

ይህን ጋሽ ቸኮል ሊሰሙት አልቻሉም። በአንድ እግር ሸራ ጫማ፣ በሌላው ካልሲ፣ በሩን ከፍተው ወጡ።

እትዬ ገበያነሽ «በስመ አብ!» ብለው ቁጢጥ አሉ። ሌላው ባለበት ደርቆ ቀረ። ማሞ ጥሩንባውን ከኋላው ደበቀ፤ ያኔ ነው ጥፋቱ የገባው። ጋሽ ቸኮል «ደህና አደራችሁ?» አሉ። «አውቶቡሱ… ለሽርሽሩ ነው።»

ኦቦ ኦልጅራ ተነሱ። እንባቸው ገና አልደረቀም። ጋሽ ቸኮልን ከእግር እስከ ራስ አዩዋቸው፤ በዓይናቸው የደስታ ብልጭታ ታየ፣ ወዲያው ደግሞ ቁጣ ሸፈነው።

«ቀለድክብኝ» አሉ። «በዚህ ዕድሜዬ በሰው ፊት አስለቅሰህ ቀለድክብኝ።» ጀርባቸውን ሰጥተው በመጡበት መንገድ ተመለሱ።

ጋሽ ቸኮል ተከትለው ሊሄዱ ሲሉ ጉልበታቸው እምቢ አለ። ግቢው ውስጥ ማንም ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም፤ ያልሞተ ሰው ቤት ለቅሶ ደርሶ መመለስ እንዴት እንደሆነ ወግ የለውም። በመጨረሻ እትዬ ገበያነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ተናገሩ።

«እንግዲህ ሥራ ትተን ወጥተናል፣ ልብስ ቀይረናል። ሙሾውም ባክኗል። ቀኑ እንኳ አይባክን። ግቡ!»

ደጅ የቆመው አውቶቡስ ሞላ። ስድሳ ያህል ሰው፣ ሁሉም ጥቁር በጥቁር።

ኦቦ ኦልጅራን ፉሪ መንገድ ላይ ደረሱባቸው። ከዘራቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ወደ ፊት ብቻ እያዩ ይራመዳሉ። ሾፌሩ ነገሩን አይቷልና ሳይነገረው ቀስ አለ፤ አውቶቡሱ በሰው እርምጃ ጎን ለጎን ይሄድ ጀመር። ጋሽ ቸኮል በመስኮት አንገታቸውን አወጡ።

«ኦልጅራ፣ ግባ እንጂ።»

እርምጃ።

«እንዲህ በል አላልኩትም እኮ። ማሞ ነው።»

እርምጃ። ከኋላ የአህያ ጋሪ ደርሶ ባለጋሪው መጮህ ጀመረ። እትዬ ገበያነሽ ከጋሽ ቸኮል ትከሻ በላይ ብቅ አሉ።

«ኦቦ ኦልጅራ፣ እስቲ ይንገሩኝ፤ የተቆጡት ሰውየው ባለመሞታቸው ነው?»

ኦቦ ኦልጅራ ቆሙ።  «እግሬ ስለደከመ ነው» ብለው ተሳፈሩና ከኋለኛው ወንበር ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ጋሽ ቸኮል ደጋግመው ወደ ኋላ ቢያዩም የሚያዩት ጀርባና ጋቢ ነበር።

አውቶቡሱ በአለም ገና አድርጎ ሰበታ ደረሰ፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፎ ኮረኮንቹን እየተንገጫገጨ ወደ ወጨጫ ተራራ ወጣ። የጥቅምት አየር ነው፤ ገብሱ ሊያሽት ደርሷል፣ መንገዱ ዳር አደይ አበባው ገና አልረገፈም። በዚህ ሁሉ መሀል ስድሳ ሰው ዝም ብሎ ተቀምጧል። ጥቁር ለብሶ ማውራት ለካ ያስቸግራል።

ደኑ መግቢያ ላይ ሮበሌ የሚባል ጥበቃ ኬላውን ይዞ ቆሟል። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ የተጫነውን ድንኳንና ድስት አየ። ውስጥ ያለውን ሰው አየ። ኮፍያውን አውልቆ ወደ በሩ ቀረበ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ። «ግን ወገኖቼ፣ የመንግሥት ደን ነው። እዚህ መቅበር አይፈቀድም።»

«ማን ይቀበራል?» አለ ሾፌሩ።

«እኔ ምን አውቃለሁ። ሬሳው የት ነው?»

እትዬ ገበያነሽ በእጃቸው አመለከቱ። «ይኸውልህ፤ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል።»

ከኋላ አንድ ሰው በሳቅ ፍርፍር አለ። ወዲያው በነጠላ አፈነው። ጋሽ ቸኮል ማን እንደሆነ ለማየት ቢዞሩም አልደረሱበትም። ሮበሌ ጋሽ ቸኮልን ትክ ብሎ አያቸውና «በሉ ግቡ» አለ። «የሆነ ሆኖ ጉድጓድ እንዳትቆፍሩ።»

ደኑ ውስጥ ገብተው ሲወርዱ ሁሉም ቀና አለ። ጽዱ ከላይ ሰማዩን ዘግቶት ብርሃኑ እየተጣራ ነው የሚወርደው። አፈሩ ይሸታል፣ ከሩቅ ውሃ ይሰማል። ጋሽ ቸኮል ወደ አንዱ ዛፍ ሄደው መዳፋቸውን ግንዱ ላይ አኖሩ። ሠላሳ ዓመት የያዙት ምሰሶ ሁሉ ተልጦ ጥቁር ዘይት የተቀባ ነበር፤ ይህኛው ቅርፊት አለው፣ ሽበት አለው፣ ጉንዳን ይወጣበታል። ለረጅም ጊዜ እጃቸውን አላነሱም። ከተናኘ በኋላ እንዲህ ልባቸው ሞቆ አያውቅም።

የተቀረው ሰው ግን ዝም ብሎ አላረፈም። ድንኳን አይቶ እጁን አጣጥፎ ሊቆም ነው እንዴ? ማሞና ወንዶቹ በሩብ ሰዓት ተከሉት። ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል ተደረደሩ። ምግቡ ቀረበ፤ ጽጌን የሚጾሙት እትዬ ገበያነሽ ሽሯቸውን ለብቻ አስቀረቡ። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ በላ። ሲያበቃ አንዱ፣ «የአቶ በንቲ አራተኛ ዓመት መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሌላው መለሰለት። ከዚያ ወሬው ወደ አቶ በንቲ በሽታ ሄደ፤ ከአቶ በንቲ በሽታ ወደ ሌላ ሰው በሽታ። ጸደንያ ያመጣችው ኳስ ከድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ቀረ። ኦቦ ኦልጅራ ጥጋቸውን ይዘው ፊታቸውን አዙረው ተቀምጠዋል።

ጋሽ ቸኮል ተመለከቷቸው። ይህን ያህል መንገድ ተጉዘው የመጡት ያው ድንኳን ውስጥ ሊቀመጡ ነው።  «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ ለጸደንያ። «ይህን ሰው ለቅሶ ብቻ አስተማርኩት።» ከዚያ ሮበሌን ጠርተው ከሁሉም የሚበልጠው ዛፍ የት እንዳለ ጠየቁ። ሮበሌ ከዳገቱ ላይ አንድ ጽድ እንዳለ ነገራቸው፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ካስተከሉት የቀረ ነው ይባላል። ጋሽ ቸኮል ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ። ዳኛ ሲነሳ እድርተኛ ይነሳል፤ ስድሳውም ተሰልፎ፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ ቀስ ብሎ ተከተላቸው።

ግማሽ ዳገት ላይ ጉልበታቸው ከዳቸው። ምሰሶ የበላው ጉልበት ነው፤ አንዴ እምቢ ካለ በልመና አይመለስም። ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ላባቸውን ጠረጉ።

«በቃ እናንተ ሂዱ» አሉ። «ደርሳችሁ ትነግሩኛላችሁ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ማሞ ራሱን አከከ። «ጋሼ… ድንኳኑ ሲጫን ከልማዴ ቃሬዛውንም ጭኜዋለሁ።»

«ኧረ ምን ሲባል!» አሉ እትዬ ገበያነሽ። «ነፍሱ ያለች ሰው በሬሳ ቃሬዛ? ሟርት አትጥራብን!» ሌሎችም አማተቡ።

ያኔ ኦቦ ኦልጅራ ከሰልፉ ወጡ። ጠዋት ከተናገሩ ወዲህ የመጀመሪያ ቃላቸው ነበር።

«ምን ሟርት ቀረ?» አሉ። «ጠዋት አልቅሰናል፣ ደረት ደቅተናል። ከዚህ በላይ ምን ይመጣል? እኔ ዛሬ ከቤቴ የወጣሁት ይህን ሰው ልሸከም ነው። ሂድ አምጣው ማሞ።»

ጋሽ ቸኮል አንገራገሩ፤ ግን ኦልጅራ ካነጋገራቸው ምን ሊሉ ይችላሉ? ቃሬዛው ላይ ተጋደሙ፣ ጋቢ ለበሱ። ኦቦ ኦልጅራ ከፊት በቀኝ በኩል ገቡ፣ ሌሎች ሦስት ተጨመሩ፣ ብድግ! ጋሽ ቸኮል ስንቱን ሰው በዚህ ቃሬዛ ሸኝተዋል፤ ከላይ ሆነው ግን አይተውት አያውቁም። ሰማዩ በቅጠሉ መሀል ይሮጣል። ከታች የወዳጆቻቸው ትንፋሽ ይሰማል፤ እንዳይንገላቱ ብለው በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ «ቀስ፣ ቀስ» ይባባላሉ። ለሬሳ እንዲህ አይሉም ነበር። ጋሽ ቸኮል ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ እጃቸው ጋቢ ውስጥ ስለነበር አልጠረጉትም።

ከላይ ስምንት የሚሆኑ የኮሌጅ ተማሪዎች እየተጫወቱ ሲወርዱ ሰልፉን አዩ። ጨዋታቸውን አቁመው ከመንገዱ ዳር ቆሙ። ቆብ ያደረገው ቆቡን አወለቀ፣ አንዷ ልጅ አማተበች። ጋሽ ቸኮል ደግሞ ሰላምታ ሳይሰጡ ሰው ማለፍ የማይሆንላቸው ናቸው። ከጋቢው ውስጥ እጃቸውን አውጥተው፣ «እንደምን ዋላችሁ ልጆች?» አሉ።

ልጅቷ ጩኸቷን ለቀቀችው። ባለ ቆቡ ቆቡን ጥሎ ቁልቁል ተፈተለከ፤ ሌሎቹ ቁጥቋጦ እየጣሱ ተከተሉት። አንዱ ቦርሳውን ወርውሮ ዛፍ ላይ ሊወጣ ሞከረ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማንም ማስቆም አልቻለም። መጀመሪያ ማሞ ነው። ቀጥሎ እትዬ ገበያነሽ፤ ሆዳቸውን ይዘው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። በአጥር የተጣላው ሰው ዛፍ ተደግፎ ያነባል። ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን መያዝ አቅቷቸው እየተንገዳገዱ አስቀመጡት። ስድሳ ሰው ከነጥቁር ልብሱ ደኑን በሳቅ አናጋው፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው «እንደምን ዋላችሁ!» ብሎ እንደ አዲስ ያስነሳዋል። ጋሽ ቸኮል በጀርባቸው እንደተኙ ከሥር ወደ ላይ አዩዋቸው፤ ይህ እንዲህ ነው የሚስቀው ለካ፣ ያቺ እጇን ታጨበጭባለች ለካ። በስስት የሚያዩት ሳያልቅባቸው እትዬ ገበያነሽ ተነስተው፣ በዚያው በሙሾ ድምፃቸው፣ ግን እየሳቁ አወጡ፦

«ቀስ አርጋችሁ ያዙት፣ ቀስ ብላችሁ ውሰዱት፣
ገና አልጠገብነውም፣ አፈር አታልብሱት።»

በእልልታ አነሷቸው። ኦቦ ኦልጅራ ግን ከፊት ስለነበሩ ፊታቸው አልታየም። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ጋሽ ቸኮል አይተዋል፤ በሳቅ ይሁን በሌላ አላወቁም።

ትልቁ ጽድ ሥር ሲደርሱ አወረዷቸው። ሕዝቡ ዛፉን እጅ ለእጅ ተያይዞ ሊከብብ ተበተነ፤ ሽማግሌ ከልጅ ጋር ይጓተታል፣ ኳሱም ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ መሀል ገብቷል። ኦቦ ኦልጅራ ብቻ ቀርተው ከቃሬዛው ጠርዝ ተቀመጡ። 

«በስብሰባው ያልኩህን ቃል» አሉ ኦቦ ኦልጅራ፣ «ጠዋት ከፉሪ ለቡ ድረስ እየበላሁት ነው የመጣሁት።»

«ሰምቼሃለሁ።»

«የት ሆነህ?»

«ከበሩ ኋላ።»

«ቆመህ ታዳምጠኝ ነበር?»

«የሌሎቹን ትንሽ አዳመጥኩ፤ አልዋሽህም፣ ደስ ይል ነበር። አንተ ስትመጣ ግን አልቻልኩም።»

ኦቦ ኦልጅራ መሬቱን በከዘራቸው ጫፍ ጫሩ። «እንግዲህ እወቀው፣ በእውነት የሄድክ ቀን አላለቅስልህም። ዛሬ ያለኝን ሁሉ ጨርሻለሁ።»

«አንተ ከቀደምክስ?»

«ያን ጊዜማ ተራው ያንተ ነው። እንደኔ መንገዱን ሙሉ እየጮህክ፣ በባዶ እግርህ ትመጣለህ።»

«በዚህ ጉልበቴ እስከ ፉሪ?»

«ታዲያ ምን ቸገረህ፤ ተሸክማችሁ አምጡልኝ እላቸዋለሁ።»

«ሞተህ?»

ኦቦ ኦልጅራ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ።  ጋሽ ቸኮልን አዩ፣ ቃሬዛውን አዩ፣ ከዚያ ከሆዳቸው የመጣ ሳቅ ያዛቸው፤ ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወድቅ፣ ዓይናቸው እስኪጠፋ ሳቁ። ከላይ በግራ በኩል አንድ ጥርስ የላቸውም። ጋሽ ቸኮል ይህን ያወቁት በሠላሳ ዓመቱ፣ ያን እሑድ ነው።